ትርሳኝ፤ ብቻ ትኑርልኝ

በጨረቃ ላይ እንባ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። የሕፃናት ሆስፒታሉ ሠራተኞች ለምደውታል። ዶክተር ትርሲትም የሁለት ዓመቷን የሶልያናን ጉንጭ ጠርጋ የሐኪም ጉሙን ጭንብል ገጠመችላት። ሐኪም ጉም ከአቧራ የደቀቁ ማሽኖችን ያዘለ እንፋሎት ነው፤ በትንፋሽ ይገባል፣ ዕጢውን ፈልጎ ያገኛል፣ በልቶ ይጨርሰዋል። ሶልያና ደግሞ አፍንጫዋ ውስጥ ሥጋ በቅሎባት ነበር የተወለደችው።

ጉሙ ገባና ቆመ። ስክሪኑ ላይ «ዕጢ አይደለም፤ አልነካም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ትርሲት ደግማ አዘዘችው። አሻፈረኝ አለ። ምስሉን አቅርባ ስታየው ሥጋ የመሰላት በራስ ቅል ቀዳዳ ሾልኮ የወረደ አንጎል ነበር። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ሥራ ስለሌለው ተቆርጦ ይጣላል። ይሄኛው ግን የልጅቷ እናት ውብርስት «የኔ እመቤት» ባለች ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቦግ ይላል። ለሌላ ሰው ድምፅ ንቅንቅ አይልም።

ትርሲት እናትየውን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ካልቆረጥነው በቀዳዳው ማጅራት ገትር ይገባባታል። ሦስት ወር አትቆይም።»

«ከተቆረጠስ፣ ዶክተር?»

«ትድናለች። አንቺን ግን አታውቅሽም።»

ውብርስት የማዕድን ማሽን ነጂ ናት። የሻከሩ እጆቿን አቆላለፈች። በመጨረሻ «ትርሳኝ፤ ብቻ ትኑርልኝ» አለች።

ትርሲት በገዛ እጇ ቆረጠችው፤ ቀዳዳውንም ደፈነችው።

ሶልያና ነቅታ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍንጫዋ እንደ ልቧ ተነፈሰች። እናቷ ልታቅፋት ስትጎነበስ ጮኻ ነርሷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በማግሥቱም እንደዚያው። ውብርስት አባበለች፣ ዘፈነች፣ ለመነች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ከእናቷ እጅ ብስኩት ተቀበለች።

«አየሽ? እየለመደችሽ ነው!» አለች ትርሲት።

«እኔ አልለመድኳትም» አለች ውብርስት። «ዓይኗ ውስጥ ልጄ የለችም። ልጄን ቆርጣችሁ ጣላችኋት። ይህቺን አላውቃትም።»

«ኧረ ልጅሽ ናት!»

«አይደለችም።»

በማግሥቱ ጠዋት ውብርስት ልጅቷን ለማደጎ የምትሰጥበትን ወረቀት ፈርማ ሻንጣዋን አነሳች። ሶልያና ነርሷ ትከሻ ላይ ሆና፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እጇን አወዛወዘችላት። ውብርስት ዞር ብላ አላየችም።

ትርሲት በሩ ሲዘጋ እዚያው ቆማ ቀረች። ልጅቷ እናቷን እንድትረሳ አንጎሏ መቆረጥ ነበረበት። የእናትየውን ግን ማንም አልነካውም።