የላላው ቀበቶ

ኢንስፔክተር ጽጌማርያም ዲላ ካለው የሙሐመድኑር ቡና መጋዘን ስትደርስ የአማኑ አስከሬን በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ጫኝና አውራጁ አማኑ የአይሱዙውን የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ሲከፍት ሰባት ጆንያ ጀንፈል ቡና ወድቆበት ሞቷል። ሾፌሩ ደጀኔ በካቴና ታስሮ ጎማው ሥር ተቀምጧል።

«ጠዋት ኢዲዶ መንደር ስንጭን ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ምን እንደ አሮጊት ትንፏቀቃለህ አልኩት። የጭነቱን ቀበቶ ግን አልነካሁም።»

«ሊከፍት ሲል ምን አደረገ?»

«እንደ ሁልጊዜው ማሳያዋን አየ። አረንጓዴ ናት፣ ጭነቱ ተይዟል አለና ከፈተ።»

ማሳያዋ በጭነት ማሰሪያው ቀበቶ ላይ ያለች ጣት የምታህል እጥፋት ናት። ቀበቶው ሲወጠር ትከፈትና አረንጓዴ ትሆናለች፤ ሲላላ ትዘጋና ቀዩ ብቻ ይታያል። የቀረው ቀበቶ ሸራ ሥር ስለሚውል ከውጭ የምትታየው እሷ ብቻ ናት።

«አምና ጭነት ወድቆ የሰው እግር ስለሰበረ ነው እነዚህን ቀበቶዎች የገዛኋቸው» አሉ የመጋዘኑ ባለቤት ሙሐመድኑር። «ጫኙ መንገድ ላይ ወናጎ ሲደርስ ወርዶ ያያል፤ ቀይ ከሆነ እንደገና ያጠብቃል። እዚህ በር ላይ ቀይ ይዞ የመጣ ይባረራል። አማኑን ሁለቴ አስጠንቅቄዋለሁ።»

«ለምን ይላላበት ነበር?»

«ትከሻውን ያመዋል ይሉኛል። አልጠየቅኩትም።»

ጽጌማርያም ቀበቶውን ከመሬት አንስታ ብዙ አየችው። ከዚያ ተንበርክካ የጆንያዎቹን አፍ አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«ጆንያዎቹን የሰፋው ማነው?»

ሁለቱ ሰፊዎች መርዶውን ሰምተው ከኢዲዶ በሞተር መጥተዋል። የአማኑ እህት ጥሩብርሃን ከአስከሬኑ አጠገብ አልተነሳችም፤ ሳሮን መለሰች።

«እኔና እሷ ነን። እኔ የጆንያውን ጆሮ በሲባጎ ሁለት ዙር አስረዋለሁ። እሷ ሦስት ታዞራለች፤ ወንድሟን እንዳያዳልጠው ብላ። እስቅባት ነበር።»

ጽጌማርያም አራቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ቀበቶ እዩት። እጄ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚወጥረው የለም። ማሳያዋ ግን አሁንም አረንጓዴ ናት።»

ሁሉም ሲረማመዱበት ነበር፤ አንዳቸውም አላስተዋሉም።

«እንዳትዘጋ በሲባጎ ተሰፍታለች። መንገዱ ጭነቱን ሲያናውጠው ቀበቶው ላላ፤ አማኑ ግን ወናጎም እዚህም ያየው አረንጓዴ ነው። ሞቱን የፈለገ ሰው ቀበቶውን ይቆርጠው ነበር። ይህን የሰፋው አማኑ እንዳይባረር የፈለገ ሰው ነው። ሙሐመድኑር ኢዲዶ አልነበሩም። ደጀኔ የጆንያ መርፌ አይዝም። የሲባጎው ጫፍ ደግሞ ሦስት ጊዜ ዞሯል።»

ሳሮን አፏን በእጇ ያዘች።

«ቁርስ ሲበላ ነው የሰፋሁት» አለች ጥሩብርሃን። «ሌሊቱን በትከሻው ሕመም ሲያቃስት አድሯል። ለዛሬ ብቻ ብዬ ነው። እሱ አያውቅም።»

ጽጌማርያም የደጀኔን ካቴና ራሷ ፈታች። ሙሐመድኑር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እናቴ ደጀኔ ገደለው እያለች ነው የምታለቅሰው» አለች ጥሩብርሃን። «እኔ ነኝ ብዬ በየት በኩል ልግባ?»

ደጀኔ እጁን እያሻሸ ተነሳ። የመጋዘኑ በር ክፍት ነበር፤ እሱ ግን ወደ ጥሩብርሃን ሄደ።

«ኢንስፔክተር፣ እሷን ጣቢያ ከመውሰድዎ በፊት እናቷ ጋ እንድንሄድ ይፍቀዱልን» አለ። «አብሬያት እገባለሁ። እስክትነግራቸው ድረስ እኔን ይርገሙኝ፤ እችለዋለሁ።»

ጽጌማርያም የመኪናዋን በር ከፈተች። ሁለቱም ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ።