የዓርብ መርፌ

«እዚህ ጋ ያዢልኝ፣ ቁልፌ» አለ አባቷ፣ ወገቡ ላይ የተረፈውን ሱሪ በጣቶቹ ሰብስቦ። «ሰው የራሱን ጀርባ መለካት አይችልም።»

ገና ከትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። ቦርሳዋን የጨርቅ ጥቅል ላይ ወርውራ ስፒሎቹን አነሳችና ከኋላው ቆመች። ልብስ ስፌት ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የልብስ ተኳሹ ካውያ። ሰውየው ጠመንጃ ነክቶ ባያውቅም ሰፈሩ በሙሉ «ተኳሹ» ይለዋል። እሷም «ቁልፌ» የተባለችው በሕፃንነቷ የደንበኛ ሸሚዝ ቁልፍ ውጣ ቤቱን ስላተራመሰች ነው።

«ጌታው፣ በዚህ አያያዝህ ከአንዱ ሱሪህ ሁለት ይወጣዋል» አለ ተኳሹ። «አንዱን ለእኔ እንዳትረሳ!»

አባቷ ሳቀ። ሳቁ ያው የድሮው ነው፤ ድሮ ከሳቁ ጋር ይንቀጠቀጥ የነበረው ሆዱ ግን አልተነቃነቀም።

ቁልፌ ጨርቁን አጥፋ ስፒሉን ልትሰካ ስትል ጣቷ የአባቷን የጀርባ አጥንት ነካ። እጇ እዚያው ደርቆ ቀረ። አባቷ አጥንቱ የሚዳሰስ ሰው አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ እዚሁ መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ያኔም ስፒል የያዘችው እሷ ናት። አባቷ አረንጓዴውን ቀሚስ አንዴ አጠበበው፤ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና። እናቷ «ብዙ አታጥብበው፣ ሲሻለኝ መልሰህ ማስፋቱ ያስቸግርሃል» ትለው ነበር። እሱም ትርፉን ጨርቅ ሳይቆርጥ ወደ ውስጥ አጥፎ ይሰፋው ነበር። ጨርቁ እንደታጠፈ ቀረ።

«ምነው ዝም አልሽ? ወጋሽ እንዴ?»

«አይ» አለችና ስፒሉን ሰካች።

«ሳወልቀው ትርፉን ቆርጠን እንጥለዋለን። ከእንግዲህ ምን ይሠራልናል!» አለ አባቷ በደስታ።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪሙ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ደም ግፊቱና ስለ ጉልበቱ ብዙ ካወራ በኋላ ነበር። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ፣ ክብደት የሚቀንስ መርፌ አዘዘለት። አጠቃቀሙን ያስረዳቻቸው ረጋ ያለች ነርስ ነበረች።

«መጀመሪያ አካባቢ ያቅለሸልሽዎታል፤ ሆድዎ ሊነፋ፣ ሊደርቅም ይችላል» አለችው። «ለዚህ ነው ከትንሽ መጠን ጀምረን ቀስ በቀስ የምንጨምረው። ሚዛኑ አንዳንድ ወር ይወርዳል፣ አንዳንድ ወር ቁጭ ይላል። እንዳይደናገጡ።»

«እስከ መቼ ነው የምወስደው፣ ሲስተር?»

«ረጅም ጊዜ ሊሆን ይችላል። ካቆሙት ረሃቡም ኪሎውም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።» ከዚያ ወደ ቁልፌ ዞረች። «ምግብ የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉ፤ ጎበዝ። ቅባት አታብዢበት፣ ትንሽ ትንሽ ይብላ። መርፌውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳታስገቢው። አንዴ በረዶ ከሠራ ኃይሉ ይበላሻል። ቢቀልጥና ደህና ቢመስልሽም መጣል ነው።»

ቁልፌ ለፈተና እንደምታጠና ተማሪ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች።

የመጀመሪያው ዓርብ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ነበር። አባቷ እስክሪብቶ የምታክለውን መርፌ ይዞ፣ ሸሚዙን ገልቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ አለ። ተኳሹ ሊያበረታታው መጥቶ «ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ይዞ የኖረ ሰው መርፌ ፈራ! ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ ወለሉ ላይ ሊንከባለል ደረሰ። ቁልፌም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ነርሷ እንዳለችው ነበር። ለቁልፌ ያልነገሯት፣ ያ ሁሉ ምን እንደሚመስል ነው። ሽንኩርት ስታቁላላ አባቷ ፊቱን አዙሮ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ሩዙን በማንኪያ ጫፍ ይነካካና ሳህኑን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደፊት ይገፋዋል። «በቃኝ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል። እናቷም እንዲሁ ነበር የምትለው። ሳህኑን የምትገፋውም በዚያው በአውራ ጣቷ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ጎረቤት የሚሰማው ማንኮራፋቱ ጠፋ። ድሮ የቤት ሥራዋን ስትሠራ «አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው!» ብላ ትጮህበት ነበር። አሁን ደብተሯን ትታ ትነሳና ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን አይታ ትመለሳለች።

ሌላው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። አክስቷ ከበር ገብታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወንድሜ፣ ሙሽራ መስለሃል እኮ! ቁልፌ፣ አባትሽን እንዳይሰርቁሽ!» ደንበኞቹም «እንኳን ደስ ያለህ» ይሉታል። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ የአንገቱ ቆዳ ላላ ብሏል፤ እነሱ ግን «አማረብህ» ይላሉ። ቁልፌ አብራ ፈገግ ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። የእናቷን ስም ማንም አያነሳም። እሷም አላነሳችም፤ ምን ብላ ትጀምረው? አባቷ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩን ትቷል። ስኳሩ ወርዷል። በዚህ የምታዝን ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ናት?

አንድ ቀን ተደብቃ ሾርባው ውስጥ ብዙ ቅቤ ጨመረችበት። አባቷ እሷን ደስ ለማሰኘት ጨርሶ ጠጣው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲያስመልሰው በሩ ሥር ቁጭ ብላ ሰማች። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። «ሾርባሽ አይደለም፣ ይሄ ሆዴ ነው» ብሎ ጭንቅላቷን ዳበሰ።

በሚቀጥለው ወር መጠኑ ተጨምሮለት ለወሩ ዓርቦች ሁሉ የምትበቃ አዲስ መርፌ ይዞ መጣ። ቁልፌ እንደ ወትሮው ተቀብላ ወደ ፍሪጁ ሄደች። የታችኛውን በር ከፍታ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ዘጋችውና የላይኛውን ከፈተች። መርፌዋን ከበረዶው ኋላ ሸጎጠቻት። በነጋታው ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አውጥታ ታች አስቀመጠቻት። ከሰዓት ስትመለስ አየቻት፤ ጠርታለች፣ ንጹሕ ናት። ምንም የሆነች አትመስልም።

ዓርብ አባቷ መርፌዋን ተወጋት። «አሁንማ ለመድኩት፣ ትንኝ ናት» አለ።

ለጥቂት ቀናት ምንም አልተለወጠም። ከዚያ አንድ ምሳ ላይ አባቷ ሳህኑን አልገፋውም። በሚቀጥለው ሳምንት «ትንሽ ጨምሪልኝ እስቲ» አለ። ቁልፌ ድስቱን አንስታ ሳህኑን እስከ አፉ ሞላችለት። በደስታ ነበር። ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ታንጎራጉር ነበር፤ ድንች ጠበሰች፣ ፓስታ በስጋ ሠራች። አባቷ እየበላ የደንበኞቹን ቀልድ ያወራላታል። ፊቱ መለስ ያለ መሰላት።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከክሊኒክ ሲመለስ ደረጃው መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰማችው። ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሚዛኑ ወጥቷል» አለ። «ስኳሩም።»

ቁልፌ ውሃ ቀዳችለት።

«ሲስተር ምን እየበላሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዋሸኋት። ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሜ ዳቦ እየገዛሁ፣ አንቺም እንዳታዪኝ መንገድ ላይ እየጨረስኩ መምጣት ጀምሬአለሁ፤ አልነገርኳትም። አፈርኩ።» ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው። «ሌላው ሰው ይሆንለታል። መድኃኒቱ ምንም አልጎደለውም፤ የጎደልኩት እኔ ነኝ። ነገ ዓርብ ነው፣ ጨመር ያለውን ሰጥታኛለች። ብርቱውን።»

«አባዬ፣ ለምንድን ነው ግን… ድሮም እኮ ደህና ነበርክ።»

አባቷ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እናትሽን ሆስፒታል ያስገባናት ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺ አክስትሽ ጋ ነበርሽ። አሳንሰሩ አይሠራም። ተሸክሜያት ደረጃ ጀመርኩ። ላባ ናት፣ ምንም አትከብድም። ግን አንደኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አጠረ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ከእጄ ተቀብሎ ያወጣት ተኳሹ ነው።» ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። «እሷ ዞር ብላ ‹አይዞህ› አለችኝ። እሷ ለእኔ! እኔ ደግሞ ከታች ሆኜ አያታለሁ።»

ቁልፌ አጠገቡ ቆማ ነበር። 

«ለማማር አይደለም» አለ አባቷ። «አንቺ ስትፈልጊኝ፣ ደረጃው መሃል እንዳልቀር ነው።»

በነጋታው ትምህርት ቤት ምን እንደተማረች አታውቅም። የሒሳብ መምህሩ ሁለቴ ስሟን ጠራ፤ ጓደኛዋ በክርኗ ጎሰመቻት። «ምን ሆነሻል? ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም።» ቁልፌ ደብተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

እቤት ስትደርስ አባቷ ቀድሟት ገብቶ ነበር። ብርቱው መርፌ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙን ገልቦ የሆዱን ቆዳ በጥጥ እየጠረገ ነው።

«አባዬ፣ ቆይ።»

«ምነው?»

«እንዳትወጋው።» ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ። «አንተ አይደለህም የጎደልከው። ያለፈውን መርፌ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው። በረዶ ከሠራ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት።»

አባቷ ጥጡን እንደያዘ ቀረ። ይጮህባታል ብላ ጠበቀች። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ለምን?»

«እማዬን መሰልክ።»

 ሁለት ዓመት የያዘችው ልቅሶ ከየት እንደሆነ ሳታውቀው ወጣ። አባቷ ተነሥቶ ሸሚዙን ሳይቆልፍ አቀፋት። ፊቷ ደረቱ ላይ አረፈ። ድሮ እንደ ትራስ ይቀበላት የነበረው ደረት አሁን አጥንት አለው። እሱም ያለቅስ ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«እኔም መስታወት ሳይ አያታለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ አላየሽም ብዬ ነበር።»

ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እንባውን በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገ። መርፌውን አንስቶ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ገፋው።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ከብዶሽ ከሆነ እተወዋለሁ። አሁኑኑ። ለሐኪሙም ለማንም ማብራራት የለብኝም። በይ ንገሪኝ።»

የምሩን ነበር። ቁልፌ ዓይኑን አየችና አወቀች። አንድ ቃል ብቻ ከአፏ ቢወጣ ማንኮራፋቱ፣ ሆዱ፣ ጭማሪ የሚጠይቀው አባቷ ተመልሶ ይመጣል። ደረጃው መሃል ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስበውም አብሮ ይመጣል። የጎደጎደውን ጉንጩን አየች። ከዚህም በላይ ይጎደጉዳል። ገና ብዙ ወር ሲከሳ ታየዋለች፤ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲል እሷን ያ ፍርሃት አይለቃትም።

ሊመሽ ነው፤ ክሊኒኩ ግን ገና አልተዘጋም።

«ስልክህን ስጠኝ» አለችው።

«ለማን ልትደውዪ?»

«ለሲስተር። ያለፈው ካልሠራ ይሄ ብርቱው ሊያሳምምህ ይችላል። ከየትኛው መጀመር እንዳለብህ እሷ ትንገረን።»

«እኔ እደውላለሁ፤ አንድ ነገር እፈጥራለሁ፣ አንቺን አላነሳሽም።»

ቁልፌ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ደውላ ጆሮዋ ላይ አደረገች። አባቷ ቀስ ብሎ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ከወዲያኛው ጫፍ የነርሷ ድምፅ መጣ።

«ሃሎ፣ ሲስተር» አለች ቁልፌ።  «የልብስ ሰፊው ልጅ ነኝ። ስለ አባቴ መርፌ የምነግርሽ ነገር አለ።»