ትከሻ ላይ የቀረ እጅ

ሚጢጢ የመረብ ኳስ ቡድናቸውን አምበል ጸጉር ቆርጣ ለመጨረስ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀባት። በመቀስ አይደለም፤ በማውስ ነው። የተንጨፈረረ ጸጉርን ከፎቶ ላይ ቆርጦ ማውጣት መከራ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙን ተከትለው ካልሄዱ ባለጸጉሩ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። አምበሏ ደግሞ በጸጉሯ የምትኮራ ልጅ ናት፤ አንዲት ዘለላ ብትጎድል ሳምንቱን ሙሉ ታኮርፋለች።

ሥራው ለክፍሉ አልበም ነው። ስምንተኛ ክፍል ሲያልቅ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ገጽ ያዘጋጃል። ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ተገጣጥመው ኮላጅ ይሆኑና፣ ገጹ ፎቶ ቤት ታትሞ ትልቁ አልበም ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ገጹ ላይ ያለ ሁሉ በፎቶው አጠገብ በእጁ ይፈርማል። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ገጽ የተሰጠው ለሚጢጢ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ እጇ የተባረከ ነው ይሏታል።

የገጹ ራስ የፍጻሜው ፎቶ ነው፤ ሚጢጢን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ዋንጫውን ከበው ይስቃሉ። አምበሏ ግን እዚያ ውስጥ የለችም። በዋዜማው ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልታ፣ እስኪ ያለእኔ ሲያሸንፉ አያለሁ፣ መጥተው ይለምኑኝ ብላ ቤቷ ቀረች። ለቡድኑ ሁሉ አሞኝ ነው አለች፤ እውነቱን የነገረችው ለሚጢጢ ብቻ ነው። የሚለምናት ሳይመጣ ጨዋታው ተጀመረ። በቦታዋ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ስታሞቅ የከረመችው ልጅ ገባች፤ ዋንጫውም መጣ። ይህችን ልጅ ከሜዳ ውጪም «ተቀያሪ» እያሉ ስለሚጠሯት፣ በስሟ የሚጠራት አስተማሪ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት አምበሏ እነሚጢጢ ቤት ድረስ መጣች። ያን ቀን ሥራ ለዋለው አባቷ ተጫውቼ ዋንጫ በላን ብላ ነግራዋለች፤ አባቷም አልበሙ ሲመረቅ ሊያይ ይመጣል። ሚጢጢ ፎቶው ውስጥ ቦታ የለም ብትላት፣ አምበሏ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች።

«በተቀያሪ ቦታ አስገቢኝ። ቦታው እኮ የእኔ ነው።»

«እሷስ?»

«ከስር አንድ ጥግ ላይ ትለጥፊያታለሽ። ፍሬንዴ አይደለሽ? ካልሆነ እንዳልተዋወቅን ቁጠሪው።»

ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ሚጢጢ ያለ አምበሏ ዘጠነኛ ክፍል መግባትን አስባው አታውቅም። ስለዚህ እሺ አለች።

አሁን ተቀያሪዋ ጠፍታለች፤ በቦታዋ አምበሏ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ብርሃኑም ተስተካክሏል። ሚጢጢ በራሷ ሥራ ተገርማ ወደኋላ ስትደገፍ፣ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከጀርባዋ መጥታ ቆመች። አጎንብሳ አየችና አምሯል አለች። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ያንቺ ትከሻ ላይ ያለው እጅ የማን ነው? ጓደኛሽ ሦስተኛ እጅ አበቀለች እንዴ?»

እየሳቀች ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ ድምፁም ቀጠለ።

እውነትም እጅ ነው። በፎቶው ውስጥ ሚጢጢ ትከሻ ላይ ያረፈ፣ አውራ ጣቱ በፕላስተር የተጠቀለለ እጅ። ሰውነቱ ሲጠፋ እሱ ቀርቷል። ለማጥፋት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል፤ ሚጢጢ የማውሱን ቀስት እጁ ላይ አድርሳ ቆመች።

እጁን ታውቀዋለች። በፍጻሜው ሁለት ሰርቭ መረብ ላይ ሰክታ ማልቀስ ሲዳዳት፣ ትከሻዋን ይዛ «የሚቀጥለው ያልፋል» ያለቻት የዚህ እጅ ባለቤት፣ ተቀያሪዋ ናት። የሚቀጥለው አለፈ። ትናንት ደግሞ ይህችው ልጅ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቁማት፣ ወርቃማ እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳይታታለች። የፍጻሜው ፎቶ ላይ የምፈርምበት ቦታ ትተሽልኛል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሚጢጢ አዎ ብላታለች። ይህን ስታስታውስ ብቻዋን ተቀምጣ አፈረች።

ወደኋላ መመለሻውን ደጋግማ ተጫነች። መጀመሪያ አምበሏ ሄደች፤ ቀጥሎ ተቀያሪዋ ዓይኗን በሳቅ እንደጨፈነች ተመለሰች፤ እጁም ባለቤቱን አገኘ።

ከዚያ የልምምድ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። አምበሏ ጭቃ በጭቃ ሆና የሚጢጢን ክርን ይዛ ሰርቭ ስታስተምር የተነሳችው ተገኘ። ጸጉሯ ዝናብ መትቶት ተጣብቋል፤ ግን እሷ ናት። ሚጢጢ ፎቶውን አሰፋችና ከፍጻሜው ስር አስቀመጠችው። ገጹን ለአምበሏ ላከችላትና ጻፈች፤ «የፍጻሜው እንደነበረ ነው። ለአባትሽ መንገር ከከበደሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ጓደኝነትሽን አየሁት። እኔ አልፈርምም።»

ሚጢጢ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ገጹ ተመልሳ በፍጻሜው ፎቶ፣ በተቀያሪዋ አጠገብ ለፊርማ የሚሆን ነጭ ቦታ ተወች። በአምበሏም ፎቶ አጠገብ ያንኑ ያህል ቦታ ተወችና፣ ገጹን ወደ ፎቶ ቤቱ ላከችው።