የዳነችው ከተማ

መርማሪዋ ስትገባ ሚስትየው ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ባሏ በሚቀጥለው ክፍል፣ ከኮምፒውተሩ ሥር ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ እሷ ግን አንዱን እጅጌ ጨርሳ ወደ ሌላው ዞረች።

«ለነገ ያዘዘኝ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ሞቶም እንከን እንዲያወጣብኝ አልፈልግም።»

ሟቹ የቪዲዮ ጨዋታ ሃያሲ ነበር፤ ምላሱም ብዕሩም ሰው አይምርም። አስም ነበረበት። በአፍ የሚረጨው መድኃኒቱ ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ከኮምፒውተሩ በላይ ባለው መደርደሪያ አናት ላይ ተገኘ። ግድግዳው ላይ፣ ወገብ በሚያህል ከፍታ፣ የጥፍር ጭረት አለ። ከዚያ በላይ አልደረሰም።

ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ይጠብቃል። ቤት የነበረችው ሚስትየው ብቻ ናት፤ ባሏ በእንግዳ ፊት «ይህቺ ደንቆሮ» እያለ እንደሚጠራትም ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። «ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር» ከማለት ሌላ መከራከሪያ አልነበራትም።

መርማሪዋ ሬሳውን ዞራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጨዋታው በጥንት ዘመን በጠላት የተከበበች ከተማን ስለማስተዳደር ነው። ሃያሲው ጠዋት ባወጣው ሂስ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብሏል፦ «ሕዝቡ በረሃብ ያልቃል። ማዳኛ መንገድ የለም፤ ሠሪው ራሱ ቢቀመጥ አያድናቸውም።» ሂሱ በወጣ ቀን ጨዋታውን እንደገና ከፍቶ፣ ሕዝቡ ሲያልቅ እያየ መሳቅ ልማዱ ነበር።

ጨዋታው የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት ይመዘግባል። መርማሪዋ መዝገቡን ሁለቴ አነበበችና ሁለት ሰዎች አስጠራች።

ሟቹ የሚጽፍበት መጽሔት አዘጋጅ ጠዋት መጥቶ ሂሱን እንዲያለዝበው ለምኖ፣ ተሰድቦ መመለሱን አልደበቀም። ወር ሙሉ ቢጫወትም ከተማዋን አንዴ እንኳ አላዳናትም። የጨዋታው ሠሪ ደግሞ የሟቹ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ጨዋታው ላይ ብቻውን የለፋ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሰው። «የበሩን ደወል ደውዬ የሚከፍትልኝ ስላጣሁ ተመለስኩ» አለ። ሂሱን ግን በቃሉ ይወጣዋል።

መርማሪዋ ሁሉንም ሚስትየው የምትተኩስበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ ሰውየው አራት ሰዓት ገደማ ሞተ ይላል» ብላ ጀመረች። «እስከ ሦስት ተኩል ድረስ አንዱ ዙር ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ሕዝቡም ይራብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሃያ ዙር ሄዷል። አንድ ሰው ከግንቡ ሥር ያለውን የደረቀ ቦይ ከፍቶ እህል አስገባ። ሟቹ ቦዩን ቢያውቀው ማዳኛ የለም ብሎ አይጽፍም። እትዬ የኮምፒውተሩን ማውስ እንኳ መያዝ አይችሉም። አዘጋጁም በወር አላገኘው።»

«ሰው እየታፈነ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ማነው?» አለ ሳጅኑ።

«መምህሩ እንዲያይለት የፈለገ።»

ሠሪው ፈገግ አለ። «ግምት ነው እህቴ። ጋሼ ቦዩን ዛሬ አግኝተውት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች መርማሪዋ። «ደግሞም ምንም አልፈየደም። ስከፍተው ከተማዋ ወድቃ ነው ያገኘኋት። አንድ ሰው አልተረፈም።»

ሠሪው አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ።

«አልወደቀችም» አለ። «እህሉ መቶ ቀን ይበቃቸዋል። እኔ ስነሳ ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው በሕይወት ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ወደ ሠሪው ዞረ።

«አሁንም አሉ» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ሁሉም።»

ካቴናው እጁ ላይ ሲዘጋ ሠሪው ወደ ሚስትየው ዞረ። «እስከ መጨረሻው ድረስ ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም» አላት፤ ሊያጽናናት የፈለገ ይመስል ነበር።

«መድኃኒቱን ነው ያየው፣ አንተ ጅል» አለች። «ከስክሪኑ በላይ አይደል ያስቀመጥክበት?»

ይዘውት ሲወጡ አላየችም። ኮሌታውን ገልብጣ ተኮሰች፣ ሸሚዙን አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች፤ ካውያውንም ነቀለች።