የሥዩም ሠላሳ ሁለት ሺህ ጁል

ይህ ታሪክ ጥርት ያለ እውነት ነው። ጠብታ ውሸት ብጨምርበት የጋይንት ውርጭ ምላሴን ያድርቀው!

ሐሙስ ዕለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር የሚሆን ድንጋይ ከወንዝ ወደ ኮረብታው ሲያወጡ ዋሉ። ያ ኮረብታ እኮ አሞራ እንኳ መሐል ላይ ሳያርፍ አይወጣውም! በማግስቱ የፊዚክስ መምህሩ ይርጋ «ሥራ ማለት ጉልበት ሲባዛ በርቀት ነው። ትናንት የሠራችሁትን አስሉ» አሉ።

ፀደይ ተነሣች። «አሥር ኪሎ ድንጋይ፣ አርባ ሜትር ከፍታ። አራት ሺህ ጁል።»

«እሱን ድንጋይ ትይዋለሽ? ጠጠር በይው!» አለ ሥዩም። «የኔ ሰማንያ ኪሎ ነው። ስምንት መቶ ኒውተን በአርባ ሜትር፤ ሠላሳ ሁለት ሺህ ጁል!»

«ኧረ ሲኖትራክ!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጣራው ሊነቀል ምንም አልቀረው።

«ጎበዝ» አሉ መምህሩ። «እሑድ በወላጆች በዓል ስሌቱን የምታቀርበው አንተ ነህ።»

አባቱ ከፊት ወንበር ሆነው ሲያዩት ታየውና ደረቱ ተነፋ።

«በሉ ተነሡ፤ ድንጋዩን አይተነው እንምጣ።»

ደረቱ ተመልሶ ሟሸሸ።

ሁሉም በድንጋዩ ላይ ስሙን በጠመኔ ጽፎ ነበር። የፀደይ ድንጋይ አጥሩ ውስጥ ገብቷል። የሥዩም ግን ቢፈለግ ጠፋ።

«ግንበኞቹ ከሥር ቀብረውት ይሆናል፤ መሠረት ሆኗል!» አለ ሥዩም። ጆሮው ግሏል።

ጭቃ የሚያቦኩት እትዬ ላቀች ቀና አሉ። «ያ ትልቁ ጥቁር ድንጋይ? እሱማ እወንዙ ዳር ነው ያለ። ትናንት ውኃ ስቀዳ እሱ ላይ ነው ሳርፍ የዋልሁ።» ወደ ሥዩም ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስትገፋው አይቻለሁ ልጄ። እውነት ለመናገር ብዙ ለፋህ። ግን ንቅንቅም አላለ።»

የሳቀ አልነበረም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ፀደይ እንኳ ዓይኗን ከእሱ አሽሽታ የራሷን እጅ ታያለች። ሥዩም ስምንት መቶን በዜሮ አባዛ፤ ለዚህ ደብተር አላስፈለገውም።

«ቲቸር» አለ። «እሑድ እኔው ላቅርብ?»

«ምኑን?»

«ዜሮዋን።»