ሊኑክስ ያልተጫነበት ላፕቶፕ

በድሪ ሙሜ ጭሮ ባጃጅ ተራ አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቁ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታበት ስታቢላይዘር እግሩ ሥር ወድቋል። ከፊቱ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ስክሪኑ ጠፍቷል፤ ሊኑክስ የተባለው ሲስተም የሚጫንበት ፍላሽ ግን እንደተሰካ ነው።

ትናንት ያገኘው ታናሽ ወንድሙ አብዱናስር ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷልና ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ። አስከሬኑ ከሐኪም ቤት ተመልሶ መስጊድ ደርሷል፤ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይቀበራል።

የሁለቱ አባት ሼህ ሙሜ መርማሪዋን ኢንስፔክተር አይናዲስን በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ አንዱን አላህ ወሰደው። ሌላው የወንድሙን ጀናዛ ሳይሸከም ከቀረ፣ ወላሂ፣ ሁለቱንም ቀበርኩ።»

«ገዳዩን ሳላውቅ ልፈታው አልችልም፣ አባባ። እርስዎ ግን ተስፋ አይቁረጡ።»

አይናዲስ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የምትል ሴት ናት፤ የሰፈር ወሬ አይነዳትም። መጀመሪያ የሟቹን የሥራ ሸሪክ ጌዲዮንን ጠየቀች። ትናንት ቀኑን መሰላ ከተማ ፕሪንተር ሲጠግን መዋሉ ተረጋግጧል።

«ስትወጣ ምን ይሠራ ነበር?»

«የነጋሽን ላፕቶፕ ጀምሮ ነበር። ዊንዶውሱ ስለሚንቀራፈፍ ሊኑክስ ሊጭንለት።»

«እንዴት ነው አሠራሩ?»

«አሮጌ ላፕቶፕ ሲይዝ መጀመሪያ ባትሪውን ይፈታል። ካበጠ ጓሮ፣ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይቀብረዋል። የዚህንም ስወጣ ሲቀብር አይቻለሁ። ከዚያ የደንበኛውን ፋይል ሌላ ዲስክ ላይ ሳይገለብጥ ምንም አያጠፋም፤ ቢለምኑትም!»

የላፕቶፑ ባለቤት ነጋሽ የገለምሶ ጫት መኪና ሹፌር ነው። እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ሰጥቼው ወዲያው ሄድኩ። በኋላ መብራት ጠፍቶ ሳለ በደጁ ሳልፍ አየሁት፤ ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፣ የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር። ከዚያ ከጓደኞቼ ጋር ጫት ልቅም በርጫ ተቀመጥኩ።»

አይናዲስ ላፕቶፑን ገልብጣ አየችው። ጓሮ ወጥታ እጇ አሸዋ ለብሶ ተመለሰች። «ሁሉንም ጥሩልኝ» አለች።

ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። የአስር አዛን ተጀመረ፤ አብዱናስር አንገቱን ደፍቶ በጸጥታ ያለቅስ ጀመር።

«ከጭቅጭቁ በኋላ» አለች አይናዲስ፣ «ትይዩ ያለችው ጨርቅ ሻጯ ኩብራ፣ በድሪ ወንድሙን እስከ በር ሲሸኝ አይታለች። አብዱናስር የተመለሰው መብራት ከመጣ በኋላ ነው። ገብቶ ወዲያው ሲጮህ ጎረቤት ደረሰ፤ ደሙ ግን ቀድሞ ደርቋል። ስለዚህ በድሪ የሞተው አብዱናስር ከመመለሱ በፊት ነው። ነጋሽ ብቻ መብራት ጠፍቶ ሳለ በሕይወት አየሁት ይላል። ሟቹ በምን ኃይል ነበር የሚሠራው?»

«በባትሪው ነዋ! ይይዛል እኮ፤ ቤቴ ያለ መብራት ነው የምሠራበት!»

«ይይዝ ነበር።» ያበጠውን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ትናንት ጠዋት አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። ላፕቶፑ መብራት የጠፋ ዕለት አብሮ የሚጠፋ ነው። ያላየኸውን አየሁ አልክ፣ በርጫ ላይ የነበርክበትን ሰዓት የሞቱ ሰዓት ልታስመስል።»

ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰክታ አስነሳችው። ዲስኩ ባዶ ነበር።

«ሳይገለብጥ የማያጠፋ ሰው ይህን አላደረገም። አንተ ነህ ‹ሁሉንም አጥፋና ጫን› የሚለውን የተጫንከው። ጭነቱ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ምን ነበረበት?»

ነጋሽ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሰው ገጭቼ ሸሽቻለሁ… የመኪናዬ ካሜራ ቀርጾታል፤ ቪዲዮው ላፕቶፑ ላይ ነበር። ስሰጠው ዝም ብለህ አጥፋው አልኩት! ስመለስ ግን ልገልብጥልህ ብሎ ከፍቶት ነበር፤ አይቶታል። ለፖሊስ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ አለኝ። ስታቢላይዘሩን አነሣሁ።»

አይናዲስ ካቴናውን ከአብዱናስር እጅ ፈትታ ነጋሽ ላይ አሰረችው። «ሩጥ» አለችው አብዱናስርን። ጀናዛው ተነሥቶ መንገድ ሲጀምር ደረሰ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቦታውን ለቀቀለት፤ አብዱናስርም ወንድሙን በትከሻው ተቀበለ።