ሮዳስ የመረጠችው ማሽን

«የጥርስ ሐኪሙ ታች ነው፤ አልፈኸው መጥተሃል» አለችው ሮዳስ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

«ጥርሴ ደህና ነው» አለ ሰውየው እያለከለከ። «እግሬን ነው።»

ቀና አለች። በሩ ላይ ከዘራ ተደግፎ የቆመ፣ ረጅም፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት ነው። ያን ሁሉ ደረጃ አንድ እግሩን እየጎተተ መውጣቱ ሲገባት አፈረች። አምቦ ውስጥ ፎቅ ላይ ጂም ሲከፈት እግሩን ስለሚያመው ሰው ማንም አላሰበም፤ አሰልጣኟ ሮዳስም ብትሆን እስከዚያች ደቂቃ አላሰበችም።

«ይቅርታ... ግባ፣ ተቀመጥ። ምን ሆነህ ነው?»

«ደቻሳ እባላለሁ፤ ከወንጪ ነው የመጣሁት። እንግዳ በፈረስ አዞራለሁ... አዞር ነበር። ያልተገራ ፈረስ ጣለኝ። አጥንቱ በብረት ተገጥሞ ድኗል፤ ጭኔ ግን ሟሸሸ። ኮርቻ ላይ ስወጣ ፈረሱን በጭኔ መያዝ አቃተኝ። ፈረስ ላይ መልሺኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሮዳስ ሳቀች። እሷ ጋ የሚመጣ ሰው ቦርጭ አጥፊልኝ፣ ዳሌ አውጪልኝ ይላል እንጂ ፈረስ ላይ መልሺኝ ያላት የለም። እሱ ግን አልሳቀም። ሳቋን ዋጥ አድርጋ የስፖርት ላስቲኩን አመጣች።

በላስቲክ ጀመሩ። ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ዝቅ ማለት። ሲያመው አይጮህም፤ ስለ ፈረሶቹ ያወራላታል። የትኛው ተንኮለኛ እንደሆነ፣ የትኛው ሐይቁን ሲያይ እንደሚሰግር። ሮዳስ የከተማ ልጅ ናት፤ ፈረስ የምታውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ቢሆንም የሱ ተራ እስኪደርስ ደጅ ደጁን ማየት ጀመረች።

ከዘራውን የጣለ ቀን በደስታ ተቃቀፉ። መላቀቁን ሁለቱም ረሱት።

«ሲን ጃለዳ» አላት።

ቤቷ የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም የአምቦ ልጅ ናትና «እወድሻለሁ» እንዳላት የሚተረጉምላት አላስፈለጋትም።

«አኒስ» አለችው፤ እኔም ማለቷ ነው።

ያ ደስታ ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪም ቤት አብራው ሄዳ ነበር፤ ሐኪሙ የእግሩን ራጅ ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ አየና እንዲህ አለ፦ «ጭኑ ከጠነከረ መጋለብ ይችላል። ብቻ በዚህ እግር ዳግመኛ ቢወድቅ ሁለተኛ መራመዱን እንጃ።» ደቻሳ የሰማው «ይችላል» የሚለውን ነው። ሮዳስ የሰማችው የቀረውን ነው።

በዚሁ ሰሞን የጂሙ ባለቤት ጋሽ ብዙነህ ጠሯት።

«ይሄ ጂም የደረት ብቻ ሆነ። ልጆቹ ከወገብ በላይ በሬ፣ ከወገብ በታች ፍየል ሆኑብኝ! ብዙ ሰው በአንዴ የሚሠራበት፣ ሁሉም ነገር ያለበት ማሽን ልገዛ ነው። ከዚያ ዓይነት ለእግር የሚሻለውን አንቺ ምረጪ። ቦታው ከአንድ በላይ አይችልም፤ ተጠንቀቂ።»

ደቻሳ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«የውስጥ ጭን የሚሠራበት ያለውን አምጪልኝ፣ ሮዲ! ላስቲኩ ከዚህ በላይ አይወስደኝም።»

አዲስ አበባ፣ የሻጩ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሽን ቆሞ ጠበቃት። የመጀመሪያው ተቀምጠው በእግር የሚገፉት፣ ጉልበት የሚዘረጉበትና የሚያጥፉበት አለው። ሁለተኛው ይሄ ሁሉ አለው፤ በዚያ ላይ ትራሶቹን በጉልበት መሃል ይዘው ጭን የሚገጥሙበት አለው። መቀመጫውም ለአጭር ለረጅም ይንሸራተታል። «ለእግር ካልሽ ይሄኛው ነው» አላት ገጣጣሚው ኢብሳ።

ተቀመጠችበት። ጉልበቷን ትራሶቹ ላይ አድርጋ ጨመቀች። ደቻሳ ያጣው አቅም ይኸው ነበር። ዓይኗን ስትጨፍን ፈረስ ላይ አየችው፤ ወዲያው ደግሞ ሲወድቅ አየችው። ከመቀመጫው ተነሳች።

«የመጀመሪያውን ጫኑልኝ» አለች።

መንገድ ላይ እያለች ደወለላት።

«አገኘሽልኝ?»

«አልቋል አሉኝ። ሌላኛውን ነው የያዝኩት...»

«ውይ!» አለ ደቻሳ። ከዚያ ሊያጽናናት ሞከረ፤ «ግዴለም፣ ምን ታደርጊ! አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ።» ይቺን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ማሽኑ የመጣ ዕለት ደቻሳ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ብረት ሲያቀብል ዋለ። ኢብሳ ብሎኑን እያዞረ ሳያስበው ተናገረ።

«እኔማ ያኛው ይሻላል ብያት ነበር። እንቢ አለች እንጂ ይኸው እስካሁን መጋዘን ቆሟል።»

ደቻሳ የያዘውን ብረት ቀስ ብሎ መሬት አኖረ።

«አልቋል አላልሽኝም?»

ሮዳስ ወደሱ ቀረብ አለች።

«ደቻሳ... ፈርቼ ነው።»

«እግሩ የኔ ነው። ፍርሃቱም የኔ ነው።»

«ብትወድቅስ? ሐኪሙ ያለውን ረሳኸው? እኔስ ምን ልሁን?»

«ስጋልብ አይተሽኝ አታውቂም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የምታውቂው ከዘራ ይዞ የመጣውን ነው። እሱ በእጅሽ እንዲቀር ነው የፈለግሽው?»

እንዲህማ አይደለም እንዳትል ትንሽ እውነት ነበረበት፤ እሷ ላይ ተደግፎ ሲራመድ ደስ የሚላትን ታውቃለች። ደቻሳ ደረጃውን ወረደ። ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጠች፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ብትደውል ብትደውል አላነሳም።

«ኢብሳ፣ ተው፤ አትግጠመው» ብላ ጋሽ ብዙነህ ቢሮ ገባች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔን ጂም ለፍቅርሽ ብለሽ አበላሸሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አሁንስ የምታስለውጪኝ ለማን ብለሽ ነው? ከሱ ልትታረቂ?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። አሰበችበት።

«እሱ ባይመለስም ትክክሉ ያኛው ነው። የዚህ መቀመጫ አይንሸራተትም፤ ቁመታቸው አጭር የሆኑት ደንበኛችን እማማ ዓለሚቱ እግራቸው መግፊያው ላይ አይደርስላቸውም። ጉልበታቸውን ሊያክሙ የሚመጡት ሁሉ እንደሳቸው ናቸው። ይህን እያወቅኩ ነው የተውኩት።»

ጋሽ ብዙነህ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሥራዋ ያለቀ መስሏት ነበር።

«ውጪና መኪናው ሳይሄድ አስጭኚ። ሁለተኛ ከዋሸሽኝ ግን ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

አዲሱ ማሽን እንደተገጠመ ወንጪ ወጣች። ደቻሳን ያገኘችው ከሐይቁ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ፣ እንግዳ የተቀመጠበትን ፈረስ በእግሩ እየሄደ ሲስብ ነው። አያት፤ አልቆመም። ጎን ለጎን ተከተለችው።

«ማሽኑ ተቀይሯል።»

«ጥሩ።»

«ልወስድህ አልመጣሁም። ይቅርታ ልልህ ነው። ዋሽቼሃለሁ፤ ደግሞም ባንተ ሕይወት ላይ ወስኛለሁ። አሁንም እፈራለሁ፣ ደቻሳ።»

ቆመ። ፈረሱም ቆመ።

«ፍሪ» አላት። «እኔም እፈራለሁ። ስትፈሪ ንገሪኝ እንጂ አትወስኚልኝ።»

በሳምንቱ አምቦ መጣ። ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ትራሶቹን ሲጨምቅ ላቡ ይንጠባጠባል፤ እሷ አጠገቡ ተንበርክካ ጉልበቱ እንዳይጣመም ትጠብቃለች። ክብደቱ ሲጨመር ትፈራለች፤ ግን ራሷ ናት የምትጨምረው። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

መስከረም ላይ ያው አፋፍ ላይ ቆሙ። ዳማው ፈረስ ተጭኗል። ሮዳስ ልጓሙን ይዛለች። ደቻሳ እርካቡን ረግጦ ወጣና በጭኖቹ ያዘ። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ።

«ልቀቂ፣ ሮዲ።»

«ቆይ... አንዴ ቆይ...»

አልተቆጣትም፤ ጠበቃት። የፈለገችውን ያህል ብትይዝ እንደሚጠብቃት ስታይ ጣቶቿ ተፈቱ።

ፈረሱ ተወረወረ! አቧራው ተነሳ፤ መታጠፊያው ላይ ጠፋ። ሮዳስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ኮቴ የለም። ድምፅ የለም። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም... ከዚያ ከታች በኩል ኮቴ ተሰማ። ደቻሳ ከኮርቻው ጋር አንድ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን እስከዛሬ አላየችውም ነበር።

«ፈራሽ?»

«በጣም» አለች እያለቀሰች።

«ነገ ሳልጋልብ እንድቀር ትፈልጊያለሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር።

«አዎ፤ እንድትቀር እፈልጋለሁ» አለች። «ግን ጋልብ።»

ደቻሳ ወረደ። በሁለት እግሩ ቆሞ እንባዋን በመዳፉ ጠረገላት። ሊናገር ሲል ሮዳስ ቀደመችው።

«በል ሽማግሌ ላክ።»